ነጭ ጨርቅ የተኮስኩላቸው መንግሥታት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀን መተኛት ለምጃለሁ። ምሳዬን በልቼ መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ ጋደም ስል፣ ዓይኔ ገና ሳይከደን ነጭ ጨርቅ ይመጣል። ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ሰፊ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ጫፉ አይታይም። እጄ ሳላዘው ይነሣና ማዕዘኑን ይፈልጋል። የልጅ ልጄ ናኦሚ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ በተኛሁበት ጣቶቼ ሲንቀሳቀሱ አየችና፣ «አያቴ፣ ፒያኖ እየተጫወትሽ ነው?» አለችኝ። አንቱ ማለት ገና አልገባላትም። በሌላው ነገር እንጂ በዚህ አልጣላትም።

«አንሶላ እያስገባሁ ነው» አልኳት።

ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ሳላጠፋ ነበር እንቅልፍ የወሰደኝ። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው በፈረሰ ከተማ መካከል እየተራመደ፣ ትልልቅ መንግሥታት ለምን እንደተነሡና ለምን እንደወደቁ ያስረዳል። ድርቅ ነው ይላል፤ ጦርነት ነው፣ በሽታ ነው፣ የነገሥታት ልጆች ጠብ ነው። ናኦሚ ቦርሳዋን ጥላ አጠገቤ ተቀመጠች። በክላሷ ይህንኑ እየተማሩ ኖሯል።

«አንቺስ፣ አያቴ? ኋት ዱ ዩ ቲንክ?»

ሰውየው የሚለው ሁሉ እውነት ይመስለኛል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እነዚያን ከተሞችም አላየኋቸውም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የትልልቅ ቤቶችን ጨርቅ ስተኩስ ኖሬያለሁ። ሲቆሙም ሲፈርሱም ውስጣቸው ነበርኩ። ለናኦሚ መልሱ ረጅም ሆነብኝና ጻፍኩት።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት አዲስ አበባ፣ አንድ መስፍን ቤት ነው። ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ከዋናው ቤት ጀርባ ልብስ ቤት የሚባል ክፍል ነበር። እዚያ ውስጥ በከሰል ካውያ የግብር ቀን ጠረጴዛ ልብስ እንተኩሳለን። ካውያውን ከማንሣትሽ በፊት ፊትሽን መለስ አድርገሽ አመዱን እፍ ማለት አለብሽ፤ አንዲት የአመድ ቅንጣት ከወደቀች ጨርቁ እንደገና ይታጠባል። የጠረጴዛው ልብስ ርዝመቱ ልክ አልነበረውም። ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ ወደ ሌላው ስሄድ በመካከል የት እንዳለሁ ይጠፋኛል፤ በነጭ ሜዳ ላይ ብቻዬን የምሄድ ይመስለኛል።

የድሮዎቹ ሠራተኞች ስለ መስፍኑ እናት ያወሩ ነበር። አሮጊቷ በሕይወት ሳሉ በየሳምንቱ ወደ ልብስ ቤት ይወርዱ፣ ከሰሉን በገዛ እጃቸው ያራግቡ፣ የተኳሾቹን እጅ ገልብጠው ያዩ ነበር አሉ። በእኔ ጊዜ የነበሩት እመቤት ግን ስሜን አያውቁም። «ያቺ ተኳሿ» ነበር የምባለው። ክፉ አልነበሩም፤ ልብስ ቤቱ ከእሳቸው ዘንድ ሩቅ አገር ሆኖ ነው። በመካከላችን ብዙ ሰው ቆሟል። ከእኛ የሚሄደው ቃልም ሲደርሳቸው ሌላ ቃል ሆኗል።

ወታደሮቹ የመጡ ቀን በሩን የሰበረ የለም። ዘበኛው ከፈተላቸው። እኔ ለማግስቱ ግብር ጨርቅ እየተኮስኩ ነበር፤ አቁሚ ያለኝ ስለሌለ እስከ ጫፉ ጨረስኩት። አጣጥፌ ስይዘው ገና ይሞቃል። ማን እንደሚበላበት ግን የሚነግረኝ ሰው ጠፋ።

እዚያው ቤት መኮንኖች ገቡ። በመጀመሪያው ሰሞን ከሾፌሮቻቸው ጋር ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር፤ የጠረጴዛ ልብስ የሚባል ነገርም አላስፈለጋቸውም። እኔም ሥራ ፈትቼ በደስታ ስመለከት ከረምኩ። ቆየት ብለው ያን ነጭ ጨርቅ ከሳጥን አስወጡት። ጥቂት ቆይቶ ሾፌሮቹ ምሳቸውን ውጭ፣ ከዛፍ ሥር መብላት ጀመሩ። ያኔ ደንግጬ ቆሜ አየኋቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

በኋላ አግብቼ ወለድኩ፤ ባሌ ሲሞት ልጄን ይዤ ሱዳን ወረድኩ። ካርቱም ሆቴል ውስጥ ተኮስኩ። ከዚያ የስደት ወረቀቱ አልቆ ካናዳ፣ ካልጋሪ መጣን። ወረቀቱ እንዴት እንዳለቀ መጻፍ አልፈልግም፤ ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋል።

ካልጋሪ የገባሁበት ላውንድሪ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ መጋዘኖቹ መካከል ነበር። የሆቴሎችን አንሶላና የሠርግ አዳራሾችን የጠረጴዛ ልብስ ያጥባል። ባለቤቱ ሚስተር ዋልተር የሚባል ረጅም ሽማግሌ ነው። ቤቱን የሠራው ከባዶ ነው፤ ቧንቧውን ሳይቀር ራሱ ነው የዘረጋው። ማሽኑ ሲታመም ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ያዳምጠዋል። ሥራ ያስተማረችኝ ግን ፓሪ ኻኑም፣ በእኛ ወይዘሮ ፓሪ፣ ናት። ከኢስፋሃን የመጣች፣ ቁመቷ አጭር፣ ቅንድቧ ወፍራም የሆነ ኢራናዊት ነበረች። በሁለታችን ስብርባሪ እንግሊዝኛ እየተግባባን ስንት ዘመን አብረን ሠራን።

መተኮሻው ማሽን የአንድ ክፍል ያህል ነው። በአንድ በኩል አፉ አለ። እዚያ ሁለት ሰው ቆሞ ከጋሪው እርጥቡን ጨርቅ ያነሣል፣ ያራግፋል፣ ማዕዘኑን ፈልጎ ጠርዙን ቀጥ አድርጎ ወደሚሽከረከረው ብረት ይሰጣል። ጨርቁ ከባድ ነው፤ እንፋሎቱና ሙቀቱ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። በሌላው በኩል መውጫው ነው። እዚያ ሁለት ሰው የደረቀውን ተቀብሎ ያጥፋል። መውጫው አጠገብ በር አለ፣ ፋን አለ፣ ወሬም አለ።

ፓሪ ኻኑም ጨርቅ ከመስጠቷ በፊት ጫፉን ጉንጯ ላይ ታደርገዋለች። በጣም የረጠበ ከሆነ ሳይደርቅ ይወጣል፤ በጣም ከደረቀ ብረቱ ቢጫ መስመር ይጥልበታል። ጣት ይዋሻል፣ ጉንጭ አይዋሽም ትል ነበር። የተቀደደ ጨርቅ ካገኘች ለብቻው ታስቀምጥና በምሳ ሰዓት ወሬ እያወራች ትሰፋዋለች። ከሁሉ በላይ ግን ተራ ነበራት። ጋሪው ባዶ ሲሆን አፉ ጋ የነበሩት ወደ መውጫው፣ መውጫው ጋ የነበሩት ወደ አፉ ይሄዳሉ። ጠዋት መጀመሪያ አፉ ጋ የምትቆመው እሷ ናት፤ ሊድ፣ የማሽኑ አለቃ ስለሆነች። ሰው ሲጎድል ሚስተር ዋልተር ራሱ ሸሚዙን ሰብስቦ ከእሷ ፊት ለፊት ይቆማል። ባለጸጋው ሰውዬ እንደ እኛው ፊቱ ቀልቶ ላቡ ሲንጠባጠብ፣ እኔ በልቤ አሮጊቷን የመስፍን እናት አስባለሁ። ከማሽኑ የሚወጣው ጨርቅ አየር ይዞ ከፍ ሲል የንጉሥ ድንኳን ይመስላል። አንዳንዴ ሥሩ የማላውቃቸው ሰዎች ግብር ሲበሉ የማይ እየመሰለኝ እቆም ነበር።

በምሳ ሰዓት ጠረጴዛችን ላይ ስንት መንግሥት ይቀመጥ ነበር መሰላችሁ። ፓሪ ኻኑም፣ የእኛ ሰዎች ዓለምን ሲገዙ የናንተ ገና ዛፍ ላይ ነበሩ ትላለች። እኔ እነሣና አክሱምን እዘረጋለሁ፤ ወርቁን፣ መርከቡን፣ ሐውልቱን። «ሐውልት ምን ይሠራል? አሁን የምሳ ሳህኑን የሚያጥበው ማነው?» ትላለች። ፊሊፒንሳዊቷ ሎርና ሩዟን እየበላች ታየናለች።

«እኛ መንግሥት ምናምን አልነበረንም» አለች አንድ ቀን። «ሁሉም በየተራው መጥቶ እኛ ላይ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ እኔ ምሳዬን በሰላም እበላለሁ።»

«ለምን ወደቁ ትያለሽ?» አልኳት።

«ከበዱ» አለች ሎርና። «እኔ ከሥር ነበርኩ፤ አውቃለሁ።»

እንዲህ ስቀን ወደ ማሽኑ እንመለሳለን።

ሚስተር ዋልተር ከሞተ በኋላ ልጆቹ ቤቱን ለሌላ ከተማ ኩባንያ ሸጡት። ብራያን የሚባል ማኔጀር መጣ። ደግ ልጅ ነው፤ ከቢሮው ግን አይወጣም። ፓሪ ኻኑምም ጉልበቷ እምቢ ሲላት ለቀቀች። እዚያ ቤት ዘነቡ ማለት ስለሚከብዳቸው ዜን ነበር የሚሉኝ። የመጨረሻ ቀኗ ጓንቷን አውልቃ፣ «ዜን፣ አንቺ ሊድ ነሽ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ጠዋት መጀመሪያ አፉ ጋ ቁሚ» አለችኝ። ቆምኩ። ማንም ሳያስታውሰኝ ጠዋት ጠዋት ቆምኩ።

በዚያ ጊዜ የእኛ አገር ልጆች በብዛት ገብተው ነበር። አብዛኞቹን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን ነው የማውቃቸው። ከእነሱ ውስጥ ትዕግሥት የምትባል አለች፤ እጇ የሚበር፣ አፏ ከእጇ የሚቀድም። አንድ ጠዋት አፉ ጋ ልቆም ስል ሮጣ መጥታ ክንዴን ያዘች።

«እትዬ ዘነቡ፣ በእግዚአብሔር! እናቴ የምትሆኚ ሴትዮ እሳት ላይ ቆመሽ እኔ ከፋን ሥር ልሣቅ?» አለችና ደንግጣ ምላሷን ነከሰች። «ይቅርታ፣ እርስዎ ማለቴ ነው። ይቀመጡ። እኔ እቆምልዎታለሁ።»

«ተራዬ ነው፤ ልቀቂኝ።»

«ተራማ ለእኩያ ነው። ነውር ነው፣ እትዬ። ሰው ቢሰማ ምን ይለናል?»

ሌሎቹም ተነሡ። አንዷ ወንበር አመጣች። እንዲህ የሚያከብሩ ልጆች በዚህ አገር ማግኘቴ ደስ አሰኘኝ፤ ተቀመጥኩ። በማግሥቱም ወንበሩ እዚያው ነበር።

አንድ ሳምንት አልሞላም፣ ወገቧን የሚያማት ሴት፣ «እትዬ ካልቆሙ እኔም አልችልም» አለች፤ እውነቷን ነው፣ ወገቧ ታሟል። ቀጥሎ ብዙ ዓመት የሠራችው መጣች። ከዚያ የትዕግሥት የአክስት ልጅ መጣች። ሁሉም ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያቱም ሁሉ ጥሩ ነበር። እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ሆኜ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። ሎርና ከማጠቢያው ማሽን በኩል አይታን ራሷን ነቀነቀች።

በመጨረሻ አፉ ጋ መሠረት ቀረች። መሠረት ከጎንደር በኩል የመጣች፣ ዘመድ የሌላት፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ከእሷ ፊት ለፊት አዲስ የተቀጠረው ሁሉ እየተቀያየረ ይቆማል፤ እሷ ግን አትቀየርም። ጋሪው ባዶ ሲሆን ቀና ብላ ታያለች። የሚመጣ ሰው የለም። ሌላ ጋሪ ትስባለች። ፊቷ በእንፋሎቱ ውስጥ ሲጠፋና ሲመለስ አየው ነበር፤ በሕልም እንደሚታይ ሰው።

መውጫው ጋ የሚያጥፉት ደግሞ አፉን ረሱት። ጨርቅ ትንሽ ደረቅ ብሎ ሲመጣ፣ ወይም ቢጫ ነገር ሲጀምረው፣ ድሮ «ውሃ!» ብለን እንጮህ ነበር። አሁን እያወሩ ያጥፋሉ። እርጥብ ጨርቅ በእጁ ካላለፈ ሰው ደረቁን አያውቀውም።

የአንድ ትልቅ ሠርግ ጨርቅ እንዲህ ሆኖ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ በየመካከሉ ቢጫ መስመር፤ ሙሽሮቹ በር ላይ ናቸው። ጋሪው ሁሉ ተመልሶ መጣ። ብራያን ከቢሮው ወጣ፣ አንዱን ጨርቅ ዘርግቶ አየና፣ «አፉ ጋ ማን ነበር?» አለ።

«መሠረት ናት» አለች ትዕግሥት። ውሸት አልነበረም።

እኔ ብድግ ብዬ፣ «ተራ ስለሌለ ነው! ጥፋቱ የሁላችን ነው፣ እሷን አትያት!» ብዬ ጮህኩ። ብራያን ምን እንደምል አልገባውም። «ኢትስ ኦኬ፣ ዜን፤ ማንንም አላባርርም» አለ። መሠረት ግን ሽርጧን ፈትታ፣ እንደ ጨርቁ አስተካክላ አጥፋ፣ ጋሪው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ተበላሽቶብኛል። እንደዚያ ቀን ግን በእጄ ያለ ነገር በእጄ ሲፈርስ አይቼ አላውቅም።

በእሑድ ማርቲንዴል ሰፈር፣ መሠረት ወደምትኖርበት ቤት ሄድኩ። ምድር ቤቱን፣ ቤዝመንት የሚሉትን፣ ተከራይታለች። ስታየኝ ደንግጣ ትራስ አስተካከለች፣ ሻይ ጣደች። ልመልሳት እንደመጣሁ ነገርኳት።

«ሥራው ከብዶኝ አይደለም፣ እትዬ» አለች። «አገሬ ከዚህ የከበደ ሠርቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ሻዩ ፈልቶ ክዳኑን ሲያንኳኳ አወረደችውና ቀዳችልኝ። «ከዚያ ሆኜ ወደ መውጫው አያለሁ። ይስቃሉ፤ ይሣቁ። እርስዎም ተቀምጠዋል። ደክመው ይሆናል እላለሁ። ግን እርስዎ አይደክሙም፤ ከሁላችን ይበረታሉ።»

ተናደድኩ። «እኔ ወንበር አምጡልኝ አልኩ? ያስቀመጣችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?»

«እኛማ ልናከብርዎ ነው» አለች መሠረት፣ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች። «እምቢ ማለት የእርስዎ ነበር።»

አሰብኩት። ሻዩን ጠጥቼ እያሰብኩ ተቀመጥኩ። ተመለሽ ብላት አልመለስም አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ የማይነቃነቅ ሰው አይቼ አላውቅም። እስከ ባስ ማቆሚያው ሸኘችኝ።

ሰኞ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ ነበር። ሌሊቱን ሜዳውን የሸፈነው በረዶ በጠዋት እየፈሰሰ፣ ሰማዩ ላይ እሱ የሚያመጣው ትልቅ የደመና ቅስት ተዘርግቶ፣ ከተማው ሁሉ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ያዛጋል። እኔ ካፖርቴን ሰቅዬ ቀጥታ ወደ አፉ ሄድኩ።

ትዕግሥት ጮኸች። «ወይኔ! እትዬ ምን ሆነዋል? አሮጊት እሳት ላይ አቆሙ ሊሉን ነው!»

«አሮጊትሽን ሌላ ቦታ ፈልጊ! ነይ፣ ያንን ጫፍ ያዢ!»

«ደም ግፊትዎ—»

«ደም ግፊቴን አንቺ ነሽ የምታመጪው። ያዢ አልኩሽ!»

እያጉረመረመች ያዘች። ጋሪው ባዶ ሲሆን ወደ መውጫው ሄድንና እዚያ የነበሩትን ቆሜ አየኋቸው። አንዷ ተነሣች። ሌላዋ እስከ ምሳ ድረስ አኮረፈች፤ ከምሳ በኋላ ግን መጣች። ወገቧን ለታመመችው ቀላሉን ናፕኪን ሰጠናት፣ ከዚያም ላይ ተራዋን ቆመች። ሁለት ሴቶች ተናደው ለቀቁ፣ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ሰላም አይሉኝም። ትዕግሥት ግን ውሎ አድሮ ጨርቁን በጉንጯ መለካት ጀመረች። «ሜካፔን አጠፋው» እያለች።

ተራው ተመለሰ፤ ቤቱ ግን አልተረፈም። ባለቤቶቹ ሥራውን ሁሉ ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩት። እኛ ብንቆምም ብንቀመጥም ያደርጉት ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ናኦሚ፣ ቴሌቪዥን ላይ ያለው ሰውዬ ተሳስቷል አልልሽም። ድርቅም አለ፣ ከሩቅ የሚሸጥሽም አለ። ግን ያ ሳይመጣም ትልቅ ቤት ከውስጥ ሊላላ ይችላል፤ የሚያላላውም ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ይዞ በፍቅር ይመጣል። አሮጊቷ የመስፍን እናት ወደ ልብስ ቤት መውረድ ያቆሙ ቀን፣ አንድ ሰው ጉልበታቸው አሳዝኖት «እሜቴ፣ እርስዎ አይልፉ» ብሏቸው ይሆናል። መኮንኖቹንም እንዲሁ።

የመጨረሻው ቀን ማሽኑ ሲጠፋ ወዲያው አልቀዘቀዘም። ብረቱ እየተኮማተረ ሲንጣጣ ቆየ። ሁላችን ቆመን ሰማነው፤ ሎርናም መጥታ ከጎናችን ቆመች።

ከዚያ በኋላ መሠረትን ለረጅም ጊዜ አላየኋትም። በዚህ ክረምት መግቢያ ላይ ግን ትዕግሥት ኮል አድርጋ፣ መሠረት ፎረስት ሎን ሰፈር፣ አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ የራሷን ላውንድሪ መክፈቷን ነገረችኝ። ሄድኩ። መጋረጃ ከሚሸጥ ሱቅ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። የሀበሻ ቀሚስና የሠርግ ጠረጴዛ ልብስ ትተኩሳለች፤ ሁለት ልጆችም ቀጥራለች። እግሬ ከበሩ ሳይርቅ አንደኛዋ ልጅ ሥራዋን ጥላ ተነሣች። ወንበር መጣ። «ይቀመጡ፣ እማማ፣ ይቀመጡ» አሉኝ።

አፉ ጋ ማን ቀርታ ይሆን ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። ከትንሿ መተኮሻ ፊት፣ እንፋሎቱ ውስጥ፣ የቆመችው መሠረት ራሷ ናት። ፊቷ በላብ ወዝቷል። ጋሪው ባዶ ነበር። እጄን ስማ፣ ጉንጬን ስማ፣ ቆማ አየችኝ። ወደ ወንበሩ አየች፤ እንደገና ወደ እኔ። ከዚያ ሽርጧን ከአንገቷ አወጣች።

«እኔ ተራዬን ጨርሻለሁ» አለችና ሽርጡን ሰጠችኝ። «ይቀበሉኝ፣ እትዬ።»

«ውይ!» አለች ትንሿ ልጅ አፏን ይዛ። «እሳቸውን? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ዝም በይና ያንን ጫፍ ያዢላቸው» አለቻት መሠረት።

ሽርጡን አሰርኩ። ልጅቷ ሌላ ጋሪ ስባ አዲሱን ጨርቅ አንሥታ ጫፉን ሰጠችኝ። መሠረት ለእኔ በመጣው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ዘረጋች።